አምስተኛው ጣቢያ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመጨረሻ ሥራዬ ንብረት ማስረከብ ነበር። ሁለት የግድግዳ ካርታ፣ ዘንጉ የላላ ሉል፣ ሦስት ኮምፓስ፣ የቁም ሳጥን ቁልፍ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ አንድ በአንድ ቆጥሮ ከመዘገበ በኋላ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና አለና የስልኩን ጨዋታ በምን ስም እንደሚመዘግበው ጠየቀኝ። ቀልዱን እንደሆነ ስለገባኝ ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ። ፈርሜ ወጣሁ።

ቤቴ እስክደርስ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጂኦግራፊ አስተምሬ የጎባ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ የሚያነሳብኝ ያንኑ «ጨዋታ» ነው። አንዳንዱ ያመሰግነኛል፣ አንዳንዱ ይወቅሰኛል። እኔም ብሆን የሥራ ዘመኔን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ እሱ ነው። ከሠራሁት ሁሉ በጣም የተሳካልኝም፣ በጣም ያጠፋሁበትም ያው ሥራ ነው። ስለዚህ እንደሆነው ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

የተወለድኩት ጎባ ሲሆን የመጀመሪያ ምደባዬ ገሰራ ነበር። አዲስ መምህርት ሆኜ ሻንጣዬን ይዤ ከመኪና ስወርድ የጂኦግራፊ ክፍል ተጠሪው ጋሼ አማን መናኸሪያ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከድምፃቸው ይልቅ ዝምታቸው የሚሰማ ሰው ነበሩ። የማስተማር ሥራ የተማርኩት ከኮሌጅ ሳይሆን ከእሳቸው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጋሼ አማን ክፍል ውስጥ ለተጠየቁት ጥያቄ ወዲያው መልስ አይሰጡም። ተማሪ ተነስቶ ይህ ኮረብታ በአንድ ጎኑ ብቻ ለምን ይለመልማል ሲላቸው፣ ሄደህ እይና ነገ ንገረኝ ይሉታል። ነገ ሲመጣም አይረሱም፤ ስሙን ጠርተው ያስቆሙታል። አጉል መልስ ከመለሰ አያርሙትም፣ እንደገና ይልኩታል። አንድ ተማሪ ሦስት ጊዜ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ወርዶ በመጨረሻ ዝናብ የሚያመጣው ነፋስ በዚያ በኩል ስለሚነፍስ ነው ብሎ የመጣላቸው ዕለት ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ደግሞ ክፍሉን ባዶ ያደርጉታል። መዳፍ በሚያህሉ ወረቀቶች ላይ ጥያቄ ይጽፉና ከድንጋይ ሥር፣ ከአጥር ስንጥቅ፣ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ይደብቋቸዋል። ለተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ወረቀት ብቻ ይሰጣሉ። ከባንዲራው ዘንግ ተነስታችሁ ጥላው ወደሚያመለክተው አቅጣጫ አርባ እርምጃ ሂዱ ይላል ለምሳሌ። እዚያ ሲደርሱ ሁለተኛው ወረቀት ሌላ ነገር ያስለካቸዋል፤ በትክክል የለካ ሦስተኛውን ያገኛል፣ ያልለካ ባዶ ድንጋይ ሲያገላብጥ ይውላል። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ልጅ ያን ቀን ቀዳሚ ይሆናል።

በመጀመሪያው ዓመት የማይገባኝ አንድ ልማድ ነበራቸው። ወረቀቶቹን ዋዜማውን ደብቀው ሲያበቁ በማግስቱ ደወል ሳይደወል መንገዱን እንደገና ከዳር እስከ ዳር ይሄዱበታል። አንድ ጠዋት አብሬያቸው እየሄድኩ ይህንን ትናንት አይተነው የለም ወይ አልኳቸው።

«ትናንት ያየሁት የትናንቱን ነው» አሉኝ።

በዚያ ጠዋት አራተኛውን ወረቀት ፍየል በልታው ደረስን። እሳቸው ከኪሳቸው ትርፍ ወረቀት አውጥተው ጻፉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ስለ ፍየሏ ሳቅኩ እንጂ ትምህርቱን አልወሰድኩም።

ከገሰራ በቡና ጫካ ወደተከበበችው አንገቱ ከተማ ተዛወርኩ። እዚያ ያሉት አለቃዬ ሪፖርት የሚወዱ ሰው ስለነበሩ ከማስተማር ይልቅ ቅጽ በመሙላት የዋልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ያም ሆኖ ያ ጫካ አንድ ነገር አስተማረኝ። ከፍታ ሲጨምር ሙቀት እንዴት እንደሚቀንስ ለሁለት ሳምንት ሰሌዳ ላይ መስመር እያሰመርኩ አስረድቼ ማንም አልገባውም ነበር። አንድ ቀን ሲደክመኝ ጠመኔውን አስቀምጬ ቡናው ቀድሞ የሚቀላው የት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ክፍሉ ሁሉ እጁን አወጣ። ከታች ቀድሞ፣ ከላይ ዘግይቶ፣ በዚያኛው ሸለቆ ደግሞ ሌላ ጊዜ እያሉ የየቤተሰባቸውን ቦታ ነገሩኝ። ትምህርቱን ከእኔ በፊት ያውቁት ነበር። እኔ በማያውቁት ቃል እያስተማርኩ ነበር የከረምኩት።

ከዚያ ጎባ ተመለስኩና እስከ መጨረሻው እዚያው ቆየሁ። የማስተምረው ዘጠነኛ ክፍል ሲሆን በአንድ ክፍል ሰባ ተማሪ ይቀመጥ ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የማስረዳው በኦሮምኛና በአማርኛ ነው፤ ፈተናው ተመልሶ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ሰባ ልጅ ይዤ ኮረብታ ለኮረብታ መሄድ አልቻልኩም። ደመወዙም ጊዜውም አልበቃ ሲል ሰው ወደ ቀላሉ ያዘነብላል። ጋሼ አማን ያስተማሩኝን ቀስ በቀስ ትቼ ሰሌዳ ሞልቼ የምወጣ አስተማሪ ሆንኩ። ይህን የምጽፈው ለማስመሰል አይደለም፤ ብዙ ዓመት እንደዚያ ነበርኩ።

ስልክ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ተማሪ ስልክ ይዞ ግቢ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር፤ የተያዘ ስልክ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ካርቶን ውስጥ ይጠራቀምና ወላጅ መጥቶ ይወስዳል። ከሁሉም አብዝቼ የምይዘው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ የከፍታ መስመሮች እየሳልኩ ዞር ስል ቶሌራ የሚባል ተማሪ ዴስክ ሥር አጎንብሷል። ሄጄ ስልኩን ነጠቅኩት። ልዘጋው ስል ግን የተከፈተውን አየሁት። ከሰማይ የተነሳ የምድር ፎቶ ነበር፤ እርሻ፣ መንገድ፣ ወንዝ። ምንድን ነው አልኩት። የአባቱ የስንዴ ማሳ መሆኑን፣ ማሳው ከወንዙ ምን ያህል ከፍ እንደሚል እያየ እንደነበር ተንተባትቦ ነገረኝ። እኔ ካርታ አስተምራለሁ፤ ልጁ ካርታ ያነባል፤ እኔ እጁ ላይ ያለውን ካርታ ነጠቅኩት። ስልኩን መልሼለት ትምህርቱን ሳልጨርስ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት የኮምፒውተር መምህሯን ሃዊን አነጋገርኳት። ሃዊ ወጣት ናት፤ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር ከተቀጠረች። ስለ ጋሼ አማን ወረቀቶች ነገርኳትና ይህ ነገር በስልክ ይሆን እንደሆነ ጠየቅኳት። በማግስቱ አንድ አፕ አውርዳ መጣች። ነገሩ ቀላል ነው፤ ስልኩ ያለበትን ቦታ ያውቃል። ቡድኑ የተባለው ጣቢያ ሲደርስ ጥያቄው ይከፈታል። መልሱ ተጽፎ ወይም ፎቶ ተነስቶ ይገባል፤ ልክ ከሆነ ቀጣዩ ጣቢያ ይታያል። ስልኩ ኮኔክሽን ካለው ደግሞ እያንዳንዱ ቡድን የት እንደደረሰ በሃዊ ላፕቶፕ ላይ በነጠብጣብ ይታየናል። ርዕሰ መምህሩ ረጅም ጊዜ አስበው በወር አንድ ቀን፣ ለአንድ ቡድን አንድ ስልክ፣ ከወላጅ ፈቃድ ጋር ብለው ፈቀዱልን።

ጨዋታውን «ፍለጋ» አልነው። የመጀመሪያው ፍለጋ በግቢያችን ውስጥ ነበር፤ ተበላሸ ማለት ይቻላል። ሐሩር ክልል ማለት ምን ማለት ነው የሚል ዓይነት ጥያቄ ስለነበር ልጆቹ ቆመው ከኢንተርኔት አወጡትና በሃያ ደቂቃ ጨረሱ። አፑ ለፈጠነ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣል፤ ሁሉም ይሮጣል።  ቡድኑን የፈለገው ቦታ የሚወስደው የስልኩ ባለቤት ነው፤ ሌሎቹ ከኋላው ይከተላሉ።

ከዚያ በኋላ ከሃዊ ጋር ከሰዓት በኋላ እየተቀመጥን ጥያቄ መጻፍ ተማርን። ጥያቄው እዚያ ቦታ ላልቆመ ሰው የማይመለስ መሆን አለበት። የቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ይበልጥ የዛጉት በየትኛው ጎናቸው ነው? ዝናቡስ ከየት በኩል ይመጣል? ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ቅጠል ወደ ውሃው ጣሉ፤ አሥር ሜትር ለመሄድ ስንት ሰከንድ ፈጀበት? የፍጥነቱን ነጥብ አጠፋነው። ስልኩን ደግሞ በየቡድኑ ቤቱ ስልክ የሌለው ልጅ እንዲይዘው ደነገግኩ። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር።

በዚህ ደንብ ስልክ ከያዙት አንዷ ዘይነባ ናት። ወደ ገሰራ በሚወስደው መንገድ ካለ የገጠር ቀበሌ መጥታ ከሁለት ልጆች ጋር ክፍል ተከራይታ የምትማር ልጅ ነበረች። መስኮቱ ጋ ሦስተኛው ዴስክ ላይ ትቀመጣለች። ወር ሙሉ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም ነበር። የቅጠሉ ጥያቄ ቀን ድልድዩ ላይ ቆሜ ስሰማ፣ ቅጠሉን ሦስት ጊዜ እንጣለውና እናካፍለው፣ አንዴ ብቻ ከሆነ ነፋስ ወስዶት ይሆናል አለች። ቡድኗ ዝም ብሎ ታዘዛት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥም እጇን ታወጣ ነበር። በእንግሊዝኛ ጀምራ በኦሮምኛ ብትጨርስም ታወጣ ነበር።

አሁን ያጠፋሁት ጥፋት ጋ ደረስኩ።

ኅዳር ላይ ወደ ከተማው የሚወጣ ሰፊ ፍለጋ አዘጋጀን። ስምንት ቡድን፣ ስድስት ጣቢያ። አምስተኛው ጣቢያ ከወንዙ በላይ ባለ ሰፈር ውስጥ ያለ ባዶ ሜዳ ነበር። ሜዳውን ለሁለት የሰነጠቀ፣ ጎርፍ የቦረቦረው ትልቅ ቦረቦር አለ። ልጆቹ ጥልቀቱን ይለካሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ለምን እንደተከፈተ ምክንያቱን ይጽፋሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መንገዱን ከሃዊ ጋር ሄድንበት። ቦረቦሩ ዳር ቆመን ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ለልጆቹ ደኅና ቦታ ነው ተባባልን። ፍለጋው ማክሰኞ ነበር። ሰኞም አልተመለስኩም፤ ማክሰኞ ጠዋትም አልተመለስኩም።

ማክሰኞ ልጆቹን ከላክን በኋላ ከሃዊ ጋር ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥን። ነጠብጣቦቹ በከተማው ካርታ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ማየቱ ደስ ይል ነበር፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ሦስት ነጠብጣብ አምስተኛው ጣቢያ ላይ ደርሰው ቆሙ። አራተኛው ተጨመረ፣ አምስተኛው ተጨመረ፣ ማንም አልተነሳም። ለሃዊ፣ እንዴት ሥራው ውስጥ እንደገቡ እያየሽ ነው አልኳት።

ትንሽ ቆይቶ ከኋለኛው ቡድን አንድ ልጅ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ መጣ። ሜዳው ላይ የለቅሶ ድንኳን አለ አለን።

እሁድ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሰፈር አንድ ሰው ሞተዋል፤ ሰኞ ተቀብረዋል። ድንኳኑ የተተከለው ቦረቦሩ ጠርዝ ላይ ነው፤ ሰፊ ሜዳ ሌላ የለማ። አፑ ደግሞ ቡድኑ ጣቢያ ሲደርስ የደስታ ሙዚቃ ያሰማል። መጀመሪያ የደረሰው የዘይነባ ቡድን ነበር። ልጆቹ ድንኳኑን አይተው ሊመለሱ ሲሉ ስልኩ ቦታውን አወቀና ሙዚቃውን ለቀቀው። ሌላኛው ቡድን በወዲያ በኩል ደርሶ የእሱም ስልክ ጮኸ። ሦስተኛው ምንም ሳያይ ቦረቦሩን ፎቶ ማንሳት ጀምሮ ነበር። ለቀስተኛው ተነሳ። ከሟቹ ዘመዶች አንድ ጎልማሳ፣ «ለቅሶ ትቀርጻላችሁ?» ብሎ ዘይነባ እጅ ላይ ያለውን ስልክ ነጠቀ።

እየሮጥኩ ስደርስ ልጆቹ ግድግዳ ሥር ተሰልፈው ቆመዋል። የሚጮህባቸው አልነበረም። የሟቹ ታላቅ ወንድም ሃጂ ከድር ከድንኳኑ ወጥተው ወደ እኔ መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በትር የያዙ ሰው ናቸው። አላህ ሰብሩን ይስጥዎ አልኳቸው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ልጆቹ እዚህ ሲደርሱ አንቺ የት ነበርሽ?» አሉኝ።

ቢሮ ውስጥ ሆኜ በማሽን እያየኋቸው ነበር ማለት ነው መልሱ።   እሳቸው ግን መልሱን አልጠበቁም፤ ስልኩን ከዘመዳቸው ተቀብለው ሰጡኝና ልጆቹን ይዤ እንድሄድ ነገሩኝ። ልጆች ናቸው፣ ጥፋት የለባቸውም አሉ። በማግስቱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ብቻዬን ተመልሼ ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር እስኪመሽ ተቀመጥኩ። ማንም አልወቀሰኝም፤ ሻይ ሰጡኝ። ወቀሳው ይቀለኝ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ፍለጋውን አስቆሙ። ወላጆች መጥተው ተቆጡ፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ሌላ ነገር ነበር። ረቡዕ መስኮቱ ጋ ያለው ሦስተኛው ዴስክ ባዶ ሆነ። ሐሙስም፣ ዓርብም። አብረዋት የሚኖሩትን ልጆች ስጠይቅ ዕቃዋን ይዛ ወደ ቤተሰቦቿ መሄዷን ነገሩኝ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ሮቤ፣ ከሮቤ በገሰራ መንገድ ሄጄ መሀል ላይ ወረድኩ። ቤታቸውን ለማግኘት በእግር አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። አዝመራው እየተሰበሰበ ነበር። የዘይነባ አባት አቶ አህመድ ከአውድማው መጥተው በአክብሮት ተቀበሉኝ። ልጄ ምን እንዳጠፋች አትነግረኝም፣ ትምህርት በቃኝ ብቻ ነው የምትለው፣ እርስዎ ይንገሩኝ አሉኝ። እኔ እንጂ እሷ እንዳላጠፋች ነገርኳቸው። አስጠሯት።

ጆንያ ሲያቀብል የቆየ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና ፊት ለፊቴ ቆመች። ማንም ክፍል ውስጥ እንዳልተቀየማት፣ ሃጂ ከድር ራሳቸው ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም እንዳሉ ነገርኳት። ብዙ ተናገርኩ። እስክጨርስ ጠብቃኝ፣ ቀና ሳትል፣

«ቲቸር፣ ሲጮህ እንዴት እንደሚጠፋ አላወቅኩም» አለች።

ከዚያ በፊት ስልክ ይዛ አታውቅም ነበር። ሁለት ፍለጋ ላይ ይዛዋለች፤ ጥያቄውን መክፈት፣ መልሱን መጻፍ አሳይቻታለሁ። ድምፁን ማጥፋት ግን አላሳየኋትም። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ እያያት፣ የሰው ስልክ እጇ ላይ እየዘፈነ፣ የቱን እንደምትነካ ሳታውቅ ቆማለች። ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ የማታውቀውን ዕቃ አሸክሜ ብቻዋን ልኬያታለሁ።

ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አባቷ በርጩማ አመጡልኝ፤ እሷን አጠገቤ አስቀመጥኳት። ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ አሳየኋት፤ ወደ ታች ስትጫኚው ይቀንሳል፣ እስከ መጨረሻው ከያዝሽው ይጠፋል አልኳት። ሞከረችው። ሙዚቃ ከፈትኩ፣ አጠፋች። እንደገና ከፈትኩ፣ አጠፋች። አምስት ስድስት ጊዜ እንደዚያ አደረግን። አባቷ ነገሩ ባይገባቸውም ቆመው አዩን። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። 

ወዲያው አልተመለሰችም። አዝመራው ነበር፣ ፈተናውም አመለጣት። አቶ አህመድ በመስከረም እልካታለሁ ብለው ቃል ገቡልኝ። እንደዚያ ያለ ቃል ብዙ ሰምቼ ስለማውቅ ተስፋዬን አልጣልኩበትም።

በመልሴ ሮቤ ላይ ጡረታ ወጥተው የሚኖሩት ጋሼ አማን ቤት ጎራ አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲያዳምጡ ቆይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ጠዋት መንገዱን ሄድሽበት? አልሄድኩም አልኳቸው።  ሌላ ወሬ አነሱና ስለ ስንዴው ዋጋ አወራን። በር ድረስ ሲሸኙኝ ግን እጄን ይዘው ትንሽ ቆዩ።

በመስከረም ዘይነባ መጣች። ዘጠነኛ ክፍልን እንደገና ጀመረች፤ ያንኑ መስኮት ያዘች። ተማሪዎቹ ታላላቆቻቸው የነገሯቸውን ፍለጋ ይጠይቁኝ ጀመር። እኔ ፈርቼ ስለነበር ተከልክሏል እያልኩ አልፋቸዋለሁ። በኋላ ሃዊ ናት የገፋፋችኝ። ርዕሰ መምህሩ የሰፈሩ ሽማግሌዎች በጽሑፍ ከፈቀዱ እሺ አሉ። ጽሑፉን ለማግኘት የግድ ከሽማግሌዎቹ ቀዳሚው ሃጂ ከድር ዘንድ መሄድ ነበረብኝ።

ግቢያቸው በር ላይ ቆሜ ስጠራቸው በኦሮምኛ ሰላም ብለው አስገቡኝ። ነገሩን አስረዳሁ። የስልኮቹ ድምፅ እንደሚጠፋ፣ ጠዋት ራሴ ሰፈሩን እንደማየው፣ ለቅሶ ወይም ሠርግ ካለ ፍለጋው እንደሚቀር፣ እኔም ቢሮ እንደማልቀመጥ። ልጆቹ እዚያ ቦረቦር ዳር ምን እንደሚፈልጉ ጠየቁኝ። እንዴት እንደተከፈተ ሊያውቁ ነው አልኳቸው። በበሩ አሻግረው ወደ ቦረቦሩ አዩ። ከዚያ ፈረሙልኝና፣ እኔም እዚያ እቀመጣለሁ፣ የሚጠይቀኝ ይጠይቀኝ አሉ።

የአምስተኛውን ጣቢያ ጥያቄ የጻፈችው ዘይነባ ናት። እንዲህ ይላል፤ ቦረቦሩ ሳይከፈት በፊት ውሃው በየት ይሄድ እንደነበር ሃጂን ጠይቁ፤ ለምንስ መንገዱን ቀየረ? አፑ መልሱን ልክ ወይም ስህተት ለማለት ትክክለኛው መልስ ቀድሞ መግባት አለበት። እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መጽሐፉ እንደሚለው የዛፎች መቆረጥ ብዬ።

የፍለጋው ቀን ጠዋት ሦስት ጊዜ ሰፈሩን ዞርኩ። ሃጂ የፕላስቲክ ወንበር ይዘው ቦረቦሩ ዳር ተቀምጠዋል። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ያን ቀንም ቀድሞ የደረሰው የዘይነባ ቡድን ነበር። ስልኩን እሷ ይዛለች፤ ድምፁ ጠፍቷል። ልጆቹ ሰላምታ ሰጥተው ሳሩ ላይ ተቀመጡና ጠየቋቸው።

ሃጂ ከድር በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ቀስ ብለው ነገሯቸው። ወጣት ሆነው ላይኛውን ቤታቸውን ሲሠሩ ክረምት ላይ ውሃ ግቢያቸው ይገባ ነበር። በዶማ አንድ ክንድ የማይሞላ ቦይ ቆፍረው ውሃውን ወደዚህ ሜዳ መለሱት። ግቢያቸው ደረቀ። ቦዩ ግን በየክረምቱ እየጠለቀ፣ እየሰፋ፣ ሜዳውን ሰነጠቀው። የታናሽ ወንድማቸው ቤት ከታች ነው። ዓመት በዓመት የወንድማቸውን ጓሮ እየበላ ሄደ።

«አንድ ቀን እንኳን ስሞታ አላሰማኝም» አሉ። «ቦዩን የቆፈርኩት እኔ እንደሆንኩ ያውቅ እንደነበር አላውቅም። ሳልነግረው ሞተ።»

 ያ ድንኳን የማን እንደነበር ዘይነባ ታውቃለች። ቆይታ አጎንብሳ ስልኩ ላይ ጻፈች፤ ሃጂ የቆፈሩት ቦይ ብላ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ምልክት ወጣ። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ቀይ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ሃጂ ከድር ይህን አይተው ስልኩ ምን እንዳለ ጠየቁ።  እኔ ወደ እነሱ መሄድ ጀመርኩ፤ ጥፋቱ የእኔ መልስ መሆኑን ልናገር። ዘይነባ ግን ቀደመችኝ።

«ስህተት ነው ይላል፣ አባባ» አለቻቸው።

ሃጂ ከድር ቀይ ምልክቱን ጠጋ ብለው አዩት።

«ልክ ብሏል» አሉ። «ስህተት ነበር።»

ለሃዊ ደውዬ የእኔን መልስ እንድታጠፋው፣ የሰሙትን ጽፎ የመጣ ቡድን ሁሉ እንዲያልፍ እንድታደርገው ነገርኳት። ከዚያ ሁለተኛው ቡድን ደረሰ፤ ሃጂ ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሩት። ሦስተኛው መጣ፤ ለእሱም ነገሩት። ቢደክማቸው ብዬ ቀርቤ ልጆቹን እኔ ላስረዳልዎ ወይ ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስምንተኛው ቡድን ሲደርስ ወንበሩ ላይ ሰው አልነበረም። ልጆቹ ሃጂስ ብለው ጠየቁኝ። በእጄ ወደ ላይ አመለከትኳቸው። ዳገቱ ላይ ቤታቸው አጥር ሥር ሰባተኛውን ቡድን ይዘው ዶማቸው መጀመሪያ ያረፈበትን ቦታ በበትራቸው እያሳዩ ነበር። የመለኪያ ሜትሩን አንዱን ጫፍ እሳቸው መሬት ላይ ረግጠው ይዘዋል፤ ሌላኛውን ጫፍ ይዘው ልጆቹ ቦረቦሩን እየተከተሉ ወደ ታች፣ ወደ ወንድማቸው ጓሮ ይወርዳሉ።